ከአልሐምብራ እስከ ካሊፎርኒያ፦ ምዕራባውያን አርክቴክቶች ከእስልምና ኪነ ሕንፃ ምን ወሰዱ?

እ.ኤ.አ. በ1966 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ሉዊስ ካን አንድ ሰፊ ባዶ ቦታ ምን እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት ነበር። ካን በዘመኑ አሜሪካ ውስጥ ስማቸው ከሚጠራ አርክቴክቶች አንዱ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ላ ሆያ በሚባል ቦታ፣ ከፓስፊክ ውቅያኖስ አፋፍ ላይ፣ የሳልክን የምርምር ተቋም ሠርቷል። የፖሊዮ ክትባትን ያገኘው ዶክተር ጆናስ ሳልክ ያቋቋመው ተቋም ነው። ሁለት ረድፍ የኮንክሪት ሕንፃዎች ፊት ለፊት ተያይተው ቆመዋል። በመሐላቸው ያለው ቦታ ግን ገና አልተወሰነም።

ካን ያሰበው ዛፍ መትከል ነበር። ምክር ፈልጎ የሜክሲኮውን አርክቴክት ሉዊስ ባራጋንን ጠራው። ባራጋን በአትክልት ሥራው የታወቀ ሰው ነው። የቱ ዛፍ የት ይተከል የሚለውን እሱ ይነግረኛል ብሎ ነው ያስመጣው። ባራጋን መጣና ቦታውን አየ። ከዚያ አንድም ዛፍ፣ አንዲት ሣር እንኳ እንዳይተከል መከረ። ድንጋይ ይነጠፍበት፤ ያኔ ሰማዩ ራሱ የሕንፃው ግንባር ይሆናል አለ። ካንም ሳልክም በሐሳቡ ተስማሙ።

ዛሬ እዚያ ያለው ነጣ ባለ ድንጋይ የተነጠፈ አደባባይ ነው። ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ አንድ ቀጭን የውኃ ቦይ አለው። ቦዩ ዐይንን ይዞ ወደ ውቅያኖሱ ይወስዳል። ሌላ ምንም የለም። የዘመናዊ ኪነ ሕንፃ መጽሐፍ ገልጦ የዚህን ቦታ ፎቶ ያላየ ሰው ማግኘት ይከብዳል።

ባራጋን ይህን ድፍረት ከየት አመጣው? በ1980 በኪነ ሕንፃ ትልቁ የሚባለውን የፕሪትዝከር ሽልማት ሲቀበል ባደረገው ንግግር ፍንጩን ራሱ ሰጥቶናል። በወጣትነቱ ወደ አውሮፓ ሄዶ ነበር። ስፔን ውስጥ፣ ግራናዳ ላይ፣ አልሐምብራ የተባለውን ቤተ መንግሥት ጎበኘ። በጨለማና በጠባብ መተላለፊያ ሲሄድ ቆይቶ በድንገት አንድ ጸጥ ያለ ግቢ ውስጥ ወጣ። የአደስ ግቢ ይባላል። አዎ፣ ያው እኛ ከቅቤ ጋር የምናውቀው አደስ ነው። በሁለት ረድፍ የተከረከመ አደስ፣ በመሐሉ የረጋ ረጅም የውኃ ገንዳ፣ ከዚያ ባዶ ግድግዳና ሰማይ። ባራጋን ይህን ስሜት ዕድሜውን ሙሉ እንዳልረሳው ተናግሯል።

አልሐምብራን በአብዛኛው በ13ኛውና በ14ኛው ክፍለ ዘመን የሠሩት የግራናዳ ሙስሊም ገዢዎች፣ ናስሪዶች ናቸው። ስለዚህ መስመሩ እንዲህ ይሄዳል፦ ከናስሪዶች ግቢ ወደ አንድ ወጣት ሜክሲኳዊ፣ ከእሱ ደግሞ ወደ አሜሪካ የሳይንስ ተቋም። ስድስት መቶ ዓመት ያህል ፈጅቷል። በሳልክ ተቋም አንድም ቅስት፣ አንድም ጉልላት፣ አንድም የአረብ ጌጥ የለም። ከአልሐምብራ የመጣ ነገር አለ ብሎ የሚጠረጥር ተራ ጎብኚ ያለ አይመስለኝም።

የዚህ ጽሑፍ ነገር እዚህ ላይ ነው። ስለ ተጽዕኖ ሲወራ ሰው ቶሎ የሚፈልገው የሚመሳሰል ነገር ነው። ሾጣጣ ቅስት አየሁ፣ ጉልላት አየሁ፣ ስለዚህ ከዚያ ተወሰደ ይላል። መመሳሰል ግን ማስረጃ አይሆንም። ሁለት ሰዎች ተመሳሳይ ችግር ሲገጥማቸው ሳይተዋወቁ ተመሳሳይ መፍትሔ ሊያገኙ ይችላሉ። እኔ የማምነው አርክቴክቱ ቦታው ድረስ ሄዶ፣ ስሎ፣ ጽፎ ወይም በአንደበቱ ተናግሮ ሲገኝ ነው። በዚህ ወንፊት ሲነፋ ብዙ ወሬ ይረግፋል። የሚቀረው ግን ከተጠበቀው በላይ ነው።

ሌላም መባል ያለበት አለ። «የእስልምና ኪነ ሕንፃ» ሲባል ከማሊ የጭቃ መስጊዶች እስከ ኢስፋሃን ሰማያዊ ሸክላ፣ ከሞሮኮ እስከ ህንድ ያለውን፣ ከሺህ ዓመት በላይ የተሠራውን ሁሉ በአንድ ጆንያ መክተት ነው። ውስጡ ካሉት ነገሮች ብዙዎቹ ከእስልምና በፊት የነበሩ ናቸው። በግቢ ዙሪያ የሚሠራ ቤት በሜሶጶጣሚያ እጅግ የቆየ ነው። ሙስሊም ግንበኞች ተረከቡት፣ አጠሩት፣ አስፋፉት። ሐረር ጀጎል ውስጥ የተዘዋወረ ሰው ሐሳቡን በዐይኑ አይቷል። ከጠባቧ መንገድ የሚታየው ግንብና በር ብቻ ነው። ኑሮው ያለው ከበሩ ወዲያ፣ በግቢው ውስጥ ነው።

የምዕራቡ ዓለም ይህን ማየት የጀመረው ትናንት አይደለም። የለንደንን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል የሠራው ክሪስቶፈር ሬን፣ አውሮፓ ጎቲክ የምትለው አሠራር «ሳራሴን» ቢባል ይሻላል ብሎ ጽፎ ነበር። በዚያ ዘመን አውሮፓውያን ሙስሊሞችን ሳራሴን ይሏቸው ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ኦወን ጆንስ አልሐምብራ ድረስ ሄዶ ጌጡንና ቀለሙን መስመር በመስመር ገለበጠ። በ1851 ለለንደኑ ክሪስታል ፓላስ የውስጥ ቀለም ሲመርጥ የተጠቀመው እዚያ የተማረውን ነው። የስፔኑ አርክቴክት ጋውዲም ባርሴሎና ውስጥ ካሳ ቪሴንስን በ1880ዎቹ ሲሠራ የስፔን ሙስሊሞችን የሸክላና የጡብ አሠራር ፊት ለፊት አውጥቶ ተጠቅሟል። ይሁን እንጂ በዚህ ዘመን የተወሰደው በአብዛኛው ጌጥ ነበር። ከጌጡ ጀርባ ያለውን አስተሳሰብ ለመውሰድ ሌላ ዓይነት ሰው ያስፈልግ ነበር።

ያ ሰው ስዊዘርላንድ የተወለደው አርክቴክት ለ ኮርቡዚየ ነው። በ1911 ገና የ23 ዓመት ወጣት ሳለ ከጓደኛው ጋር ተነሥቶ በባልካን አድርጎ ኢስታንቡል ገባ። ሳምንታት እዚያ ቆየ። በደብተሩ መስጊድ ይስል ነበር። ከዚያ ወደ ሌላዋ የቱርክ ከተማ ቡርሳ ሄደና አረንጓዴውን መስጊድ አየ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተሠራ ነው። ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1923፣ የዘመናዊ ኪነ ሕንፃ አዋጅ የሚባለውን መጽሐፉን ሲያሳትም የዚህን መስጊድ ፕላን አስገባበት።

የጻፈው ስለ ጌጡ አይደለም። የጻፈው ስለ አገባቡ ነው። በሰው ቁመት ልክ በሆነች ትንሽ በር ትገባለህ ይላል። ከዚያ ጠባብ መግቢያ አለ። ከመንገዱ ስፋት ይዘኸው የመጣኸውን ልኬት እዚያ ታራግፋለህ። ከዚያ በኋላ ብርሃን የሞላበት ትልቅ ነጭ እብነ በረድ ክፍል ይከፈትልሃል። ወዲያ ማዶ ደግሞ ሌላ እኩል የሆነ ክፍል፣ ጥቂት ደረጃ ከፍ ብሎ፣ በግማሽ ጨለማ ይታያል። ግራና ቀኝ ትናንሽ ጨለምለም ያሉ ቦታዎች አሉ። ሰውየው የገባው ነገር ይህ ነው፦ መስጊዱ የትልቅነት ስሜት የሚሰጠው በሜትር ብዛት አይደለም። ከትንሽ ወደ ትልቅ፣ ከብርሃን ወደ ጥላ እያዘዋወረ ነው።

ይህ በኋላ የእሱ ዋና ትምህርት ሆነ። ሕንፃ ከአንድ ቦታ ቆመው የሚያዩት ሥዕል አይደለም፣ እየሄዱ የሚያዩት ነው አለ። ፓሪስ አጠገብ በ1931 ያለቀችውን ቪላ ሳቮይን ሲያስረዳ በግልጽ ወደ አረብ ኪነ ሕንፃ ጠቆመ። የአረብ ሕንፃ ትልቅ ትምህርት ይሰጠናል፣ የሚወደደው በእግር ሲኬድበት ነው፤ አደረጃጀቱ የሚገለጠው ስትራመድ ነው ብሎ ጻፈ። ቪላ ሳቮይ ውስጥ ከምድር እስከ ሰገነት የሚያወጣ ዘንበል ያለ መወጣጫ አለ። እየወጡ ሳለ ቤቱ ቀስ በቀስ ይገለጣል። ቤቱን ከውጭ ላየው ሰው ነጭ ሣጥን ነው። የቡርሳን መስጊድ የሚያስታውስ አንድ ድንጋይ የለውም።

በ1930ዎቹ ደግሞ አልጄሪያ በረሃ ውስጥ ወዳለው የምዛብ ሸለቆ ሄደ። እዚያ በጭቃና በኖራ የተለሰኑ፣ ጥግ የሌላቸው የሚመስሉ መስጊዶች አሉ። ወፍራም ግድግዳ፣ ትናንሽና ዘፈቀዳዊ የሚመስሉ ቀዳዳዎች። በ1955 ፈረንሳይ ሮንሻን ላይ የተመረቀውን ቤተ ጸሎቱን ያየ ሰው ደቡባዊውን ግድግዳ አይረሳውም። እጅግ ወፍራም ነጭ ግድግዳ ነው። ልካቸው የተለያየ ጥልቅ መስኮቶች ብርሃኑን እየቆነጠሩ ያስገባሉ። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች በምዛብ ሸለቆ ኤል አተፍ ካለው የሲዲ ኢብራሂም መስጊድ ጋር ያያይዙታል። እዚህ ላይ ግን በራሴ ወንፊት ልነፋው። ለ ኮርቡዚየ ሸለቆውን ጎብኝቷል፣ ስሏልም። ከዚህ መስጊድ ነው የወሰድኩት የሚል ጽሑፍ ግን እንደ ቡርሳው በግልጽ አልተወልንም። ስለዚህ በጣም የሚመስል ነገር ብለን እንለፈው።

የሰውየው ሌላ ፊትም አለ። የአረብን ሕንፃ እንደዚህ ያደንቅ የነበረው ሰው በዚያው ዘመን ለአልጀርስ ያወጣው ፕላን ከጥንታዊው የካስባ ሰፈር በላይ የሚያልፍ ከፍ ያለ የመኪና መንገድ ነበረው። ከታች ሙስሊሙ ሕዝብ፣ ከላይ ፈረንሳዮቹ ማለት ነው። ፕላኑ አልተሠራም። አንድን ሕዝብ ሕንፃ መውደድና ሕዝቡን ማክበር ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ ግን ያሳያል። ያኔ አልጄሪያ በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች። አብዛኛው የዚህ «ትምህርት» የተወሰደው በእንደዚህ ዓይነት ሁኔታ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ማሽራቢያ እንምጣ። ከሁሉም በላይ የተቀዳው እሱ ነው፣ ከሁሉም በላይ የተበላሸውም እሱ ነው።

በድሮ ካይሮ ቤቶች ከፎቅ ወደ ጎዳና ወጣ ያለ የእንጨት ወንፊት የለበሰ መስኮት አለ፤ ማሽራቢያ የሚባለው እሱ ነው። በቶርኖ የተሠሩ ትናንሽ እንጨቶች እርስ በርስ ተሰካክተው ነው የሚሠራው። ትናንሽ የሆኑበት ምክንያት አለው። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ትልቅ ጣውላ ይሰነጠቃል ወይ ይጣመማል። ትንንሾቹ ግን በየመገጣጠሚያቸው ይፍታታሉ። ከውስጥ ያለ ሰው ውጭውን ያያል፣ ከውጭ ያለው ግን ውስጡን አያይም። ምክንያቱም ውስጡ ጨለማ ነው። ግብጻዊው አርክቴክት ሐሰን ፈትሒ ደግሞ ብዙ ሰው ያላስተዋለውን ነገር አስረድቷል። በዐይን ቁመት አካባቢ ቀዳዳዎቹ ጠባብ ናቸው፣ ብርሃኑ ዐይን እንዳይወጋ። ከላይ ግን ሰፋ ይላሉ፣ አየር እንዲዘዋወር። ሸክላ እንስራ ውኃ ተሞልቶ ወንፊቱ ጋ ይቀመጣል። ውኃው በሸክላው ቀዳዳ እየረጠበ ሲተን ነፋሱን ያቀዘቅዘዋል።

በአንድ መስኮት ጥላ፣ አየር፣ ቅዝቃዜና ገመና መጠበቅ ማለት ነው። ሞተር የለው፣ ኤሌክትሪክ የለው።

በ1987 ፓሪስ ውስጥ የአረብ ዓለም ተቋም ተመረቀ። ፈረንሳዊው ዣን ኑቬል እና ጓደኞቹ የሠሩት ነው። ኑቬልን በዓለም ያስተዋወቀውም ይህ ሕንፃ ነው። ደቡባዊ ፊቱ ላይ 240 ካሬ ፓነሎች አሉ። በእያንዳንዱ ፓነል ውስጥ እንደ ፎቶ ካሜራ የሌንስ በር የሚከፈቱና የሚዘጉ የብረት ዐይኖች ተደርድረዋል። ፀሐይ ሲበረታ ይጠባሉ፣ ሲደበዝዝ ይሰፋሉ። ከሩቅ ሲታይ ልክ የአልሐምብራ ግድግዳ ጂኦሜትሪ ነው። ቀረብ ሲሉት የሰዓት ሆድ ዕቃ ይመስላል። በጣም ያምራል። እኔ ከዘመናዊ ሕንፃዎች ውስጥ በፎቶ እንኳ አይቼ የማልጠግበው ነው።

እንደ ማሽራቢያ ሲመዘን ግን ሁለት ጉድለት አለው። አንደኛ፣ ዐይኖቹ ያሉት ከውጨኛው መስታወት በስተጀርባ ነው። የፀሐይ ጨረር መስታወቱን አልፎ ገብቶ ብረቱን ያገኘዋል። ብረቱ ይሞቃል። ሙቀቱ አሁን ቤት ገብቷል፣ መስታወቱ ደግሞ በቀላሉ አያስወጣውም። ጥላ ሥራውን የሚሠራው ከመስታወት ውጭ ሲሆን ነው። ሁለተኛ፣ ሺዎች የሚንቀሳቀሱ ቁርጥራጮች ያሉት ነገር ይበላሻል። ዐይኖቹ ለረጅም ዓመታት በአብዛኛው ቆመው ነበር። በ2017 ታድሰው እንደገና መንቀሳቀስ ጀመሩ። የካይሮው አናጺ በቶርኖ የሠራው መስኮት እንዲህ ዓይነት ጥገና አይጠይቅም።

ኑቬል ከዚህ የተማረ ይመስለኛል። ኳታር ውስጥ በ2012 የተጠናቀቀው ዶሃ ታወር ላይ ወንፊቱን ከመስታወቱ ውጭ አወጣው። ሞተሩንም ተወው። ሕንፃው ክብ ስለሆነ ወንፊቱ እንደ አቅጣጫው ይጠብቃል ወይም ይሳሳል። በሰሜን በኩል 25 በመቶ፣ በደቡብ 40 በመቶ፣ በምሥራቅና በምዕራብ 60 በመቶ ይሸፍናል። ለምን ምሥራቅና ምዕራብ በለጠ? በባሕረ ሰላጤው አካባቢ የበጋ የቀትር ፀሐይ አናት ላይ ናት። አጭር መጋረጃ ወይም ገርበብ ያለ ጣሪያ ይበቃታል። የጠዋትና የማታ ፀሐይ ግን ዝቅ ብላ በአግድም ትገባለች። እሷን የሚያቆማት ፊት ለፊት የተጋረደ ወንፊት ብቻ ነው።

አቡ ዳቢ ያሉት መንትያዎቹ የአል ባሕር ሕንፃዎች ግን እንደገና ወደ ሞተር ሄደዋል። ከኢሚሬትስ ለሚያነቡን እነዚያ የማር እንጀራ የለበሱ የሚመስሉት ሁለት ክብ ሕንፃዎች ናቸው። መሠረቱ እንግሊዝ የሆነ ቡድን ነው የነደፋቸው፤ በ2012 አለቁ። በእያንዳንዱ ላይ ከ1,000 በላይ ሦስት ማዕዘን መጋረጃዎች አሉ። ኮምፒውተር የፀሐይን መንገድ ይከተልና እንደ ጃንጥላ ይዘረጋቸዋል፣ ያጥፋቸዋል። ከመስታወቱ ወጣ ብለው ነው የተሠሩት። የፀሐይ ሙቀቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል ይላሉ ነዳፊዎቹ። ሰሜናዊው ፊት ላይ መጋረጃ የለም፣ አያስፈልግማ።

አሁን ደግሞ ወደ ተሳሳተው መንገድ። በ1950ዎቹ ኢራቅ የነዳጅ ገንዘብ ሲገባላት ባግዳድን በዓለም ታላላቅ አርክቴክቶች ለማሠራት ተነሣች። ለ ኮርቡዚየ ተጠራ። ግሮፒየስ ተጠራ፣ ዩኒቨርሲቲ እንዲሠራ። አልቫር አልቶ ተጠራ። ፍራንክ ሎይድ ራይትም በ1957 መጣ፣ ዕድሜው 90 ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። የተሰጠው ሥራ የኦፔራ ቤት ነበር። እሱ ግን በጤግሮስ ወንዝ ላይ ያለች ደሴት አየና ሙሉ የባህል ከተማ ነደፈ። ለጥንቱ የባግዳድ ኸሊፋ ለሐሩን አል ረሺድ ሐውልት፣ ለአላዲንና ለፋኖሱ ሐውልት፣ ለአዳምና ለሔዋን የአትክልት ቦታ ሁሉ ሣለ። የሺህ አንድ ሌሊት ተረት በእርሳስ ማለት ነው።

ራይት ኢራቅን አክብሮ ያደረገው እንደሆነ አልጠራጠርም። ሌሎቹ የመስታወት ሣጥን ይዘው ሲመጡ እሱ ቢያንስ የከተማዋን ታሪክ አነበበ። ኸሊፋው አል መንሱር ክብ አድርጎ የቆረቆራትን ጥንታዊቷን ባግዳድ አስታወሰ። ግን በሥዕሉ ላይ ያለችው ባግዳድ አንድ አሜሪካዊ ልጅ ሆኖ ያነበባት ባግዳድ ናት። በሐምሌ 1958 ንጉሡ በመፈንቅለ መንግሥት ተገደለ። አዲሱ መንግሥት ፕላኑን አልፈለገውም። በቀጣዩ ዓመት ራይትም ሞተ። የኦፔራው ሐሳብ አሪዞና ሄዶ በቴምፒ ከተማ የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ሆኖ በ1964 ተሠራ። ለባግዳድ የታሰበው ክብ ቅስት አሁን የተማሪዎች ምረቃ ማድመቂያ ነው።

ካዛብላንካ ላይ የሆነው ነገር ደግሞ ከሁሉም ይልቅ የተራ ሰው ኑሮ የሚነካ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፈረንሳይ ሞሮኮን ታስተዳድር ነበር። ከገጠር የፈለሰው ሕዝብ በቆርቆሮ ጎጆ ይኖር ነበር። ጆርጅ ካንዲሊስና ሻድራክ ዉድስ የተባሉ ወጣት አርክቴክቶች ለዚህ ሕዝብ ፎቅ ቤት ሠሩ። የሞሮኮን ቤት ሲያጠኑ ልቡ ግቢው መሆኑን አይተዋል። ስለዚህ ግቢውን ወደ ላይ ቆለሉት። እያንዳንዱ ቤት ከፍ ያለ ግድግዳ ያለው፣ ሰማይ የሚያይ የራሱ በረንዳ አገኘ። ጎረቤት ጎረቤቱን አያይም። በ1953 በፈረንሳይ ኤክስ ከተማ በተደረገ ዓለም አቀፍ የአርክቴክቶች ጉባኤ ይህ ሥራ ሲቀርብ ወጣቶቹ ተደነቁ። አርክቴክት ቤት ሲሠራ መጀመሪያ ሰው እንዴት እንደሚኖር ይይ የሚለው ሐሳብ ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ ጎላ። ካንዲሊስና ዉድስ ከሥራ ባልደረባቸው ከዮሲች ጋር ሆነው በ1963 የበርሊን ነጻ ዩኒቨርሲቲን ንድፍ ውድድር አሸነፉ። ዝቅ ያለ፣ እንደ ምንጣፍ የተዘረጋ ሕንፃ ነው። ውስጡ ጠባብ መንገዶችና ግቢዎች ናቸው። የጀርመን ዩኒቨርሲቲ ነው፣ አካሄዱ ግን የመዲና፣ ማለትም የሰሜን አፍሪካ የድሮ ከተማ ነው።

የካዛብላንካዎቹ ነዋሪዎች ግን በረንዳውን ዘጉት። ጡብ ደረደሩ፣ መስኮት አወጡ፣ አንድ ተጨማሪ ክፍል አደረጉት። ቤተሰብ ይበዛል፣ ቦታ ይጠባል። ዛሬ የእነዚያን ሕንፃዎች ፎቶ ያየ ሰው የመጀመሪያውን ንድፍ ለመለየት ይቸገራል። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን እንደ ውድቀት ያዩታል። እኔ አይመስለኝም። የድሮው የመዲና ቤትም ሲበዙ የሚጨመርበት፣ ሲያንሱ የሚዘጋበት ነው።

ቻይና ተወልዶ አሜሪካ የሠራው አርክቴክት አይ ኤም ፔይ ታሪኩ ለየት ይላል። የኳታር መንግሥት የእስልምና ጥበብ ሙዚየም እንዲሠራ ሲጠይቀው ዕድሜው 80 አልፎ፣ ጡረታ ወጥቶ ነበር። ስለ እስልምና ኪነ ሕንፃ አላውቅም ብሎ ጉዞ ጀመረ። ኮርዶባ ሄደ፣ የስፔን ጠባይ በዝቶበታል ብሎ ተወው። ህንድ ሄደ፣ የህንድ ቀለም አለበት አለ። ቱኒዚያ ምሽጎቹን አየ። በመጨረሻ ካይሮ ኢብን ቱሉን መስጊድ ደረሰ። መስጊዱ የ9ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እሱን የያዘው ግን በግቢው መሐል ያለው የ13ኛው ክፍለ ዘመን የውዱእ ቤት፣ ከሶላት በፊት የሚታጠቡበት ቦታ ነው። ካሬው ወደ ስምንት ማዕዘን፣ ስምንት ማዕዘኑ ወደ ክብ ጉልላት ይቀየራል። ጌጥ የለውም ማለት ይቻላል። በበረሃ ፀሐይ ላይ ጥላና ብርሃን ብቻ ነው የሚናገረው።

ሙዚየሙ በ2008 ተከፈተ። ከዶሃ ባሕር ዳርቻ ወጣ ብሎ ለራሱ በተሠራለት ደሴት ላይ ነው። ደሴቱን የጠየቀው ፔይ ነው፤ ወደፊት ሌላ ፎቅ መጥቶ እንዳይከልለው ብሎ። በዕረፍት ቀናቸው እዚያ ፓርክ የሚዝናኑ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። ቀትር ላይ እና ሊመሽ ሲል አንድ ሁለቴ ቢያዩት ልዩነቱ ይገባቸዋል። ግንቡ ያው ነው፤ ጥላው ግን ፊቱን ሁሉ ይቀይረዋል። ፔይ የፈለገው ይህንን ነበር።

የፔይን አካሄድ ሁሉም አይወደውም። «ንጹሕ» የእስልምና ሕንፃ ፍለጋ ራሱ የውጭ ሰው ሐሳብ ነው የሚሉ አሉ። የኮርዶባ ሙስሊም ስፔናዊ መሆኑ፣ የህንዱ ሙስሊም ህንዳዊ መሆኑ ጉድለት አይደለም። ይህ ትችት ልክ ይመስለኛል። ሕንፃው ግን ጥሩ ሕንፃ ነው።

ሉዊስ ካን ራሱ ከዚህ ባህል ጋር ፊት ለፊት ተገናኝቷል። በ1962 የዳካን የምክር ቤት ሕንፃ ንድፍ ተረከበ። ያኔ አገሩ ምሥራቅ ፓኪስታን ነበር። የ1971ዱ ጦርነት ሥራውን አቋረጠው። ባንግላዴሽ ነጻ ወጣች፣ ሥራው ቀጠለ። ካን በ1974 ሞተ። ሕንፃው በ1982 አለቀ። የውጭ ግድግዳው ላይ ግዙፍ ክብና ሦስት ማዕዘን ቀዳዳዎች አሉ። መስኮቶቹ ከኋላ፣ በጥላው ውስጥ ናቸው። የማሽራቢያው ሐሳብ በኮንክሪት ማለት ነው። መግቢያው ላይ ያለው የጸሎት ቤት ደግሞ ከቀሪው ሕንፃ አቅጣጫ ትንሽ ዞር ብሏል። ወደ መካ ለመዞር።

ከዚህ ሁሉ ለኢትዮጵያዊ ሙስሊም ቅርብ የሆነው ግን ሌላ ሕንፃ ሳይሆን አይቀርም፦ ጅዳ ያለው የሐጅ ተርሚናል። ለሐጅ በአውሮፕላን ጅዳ የገባ ሰው አልፎበታል። በ1981 የተሠራው ስኪድሞር ኦዊንግስ ሜሪል በተባለው የአሜሪካ ድርጅት ነው። ከአእምሮዎቹ አንዱ ኢንጂነር ፋዝሉር ካን ነበር፤ ዳካ ያደገ፣ ቺካጎ የሠራ ሙስሊም። 210 ድንኳኖች አሉት። እያንዳንዳቸው 45 በ45 ሜትር ናቸው። ጨርቁ የፀሐዩን አብዛኛውን ብርሃን መልሶ ይወረውራል። ዳሩ ክፍት ነው። ሙቅ አየር ወደ ድንኳኑ አናት ወጥቶ በቀዳዳው ይወጣል፣ ከታች ነፋስ ይገባል። በዓመት ለጥቂት ሳምንት ብቻ ለሚሞላ ቦታ ኤሲ መግጠም ከንቱ ወጪ ነው። ስለዚህ የበደዊን ድንኳን አሠራር ወሰዱ። መልኩም አሠራሩም አብረው ከተወሰዱባቸው ጥቂት ሥራዎች አንዱ ይመስለኛል።

እንግሊዛዊው ኖርማን ፎስተርም አቡ ዳቢ አጠገብ ማስዳር ከተማን ሲነድፍ ተመሳሳይ መንገድ ሞክሯል። ጎዳናዎቹ ጠባብ ናቸው፣ ሕንፃ ለሕንፃ ጥላ እንዲጣጣሉ። በአንዱ አደባባይ 45 ሜትር የሚረዝም የነፋስ ማማ አለ። ሐሳቡ የመጣው በኢራን እንደ ያዝድ ባሉ ከተሞች ካሉት የነፋስ ማማዎች ነው። ማማው ከፍ ብሎ ያለውን ነፋስ ይይዝና ወደ ታች ያወርደዋል። በመንገዶቹ ላይ የሚሄድ ሰው ከአቡ ዳቢ መሐል ከተማ ይልቅ ቀዝቀዝ ይለዋል። ከተማዋ ግን በ2016 ታልቃለች ተብላ ተጀምራ አላለቀችም። ጊዜው ደጋግሞ ተራዘመ። ጠባቦቹ መንገዶች እየሠሩ ነው። ያልሠራው የገንዘቡና የጊዜው ስሌት ነው።